የትርንጎ እግርና በሁለት ቁጥር የሚበልጣት ጫማ

ይህን የምጽፈው ለልጁ ጫማ ሊገዛ ገበያ ለሚወጣ ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ከእርፍ እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር አልተስማማም። የፊደል ግድፈት ብታገኙ እለፉት። የሠራሁትን ጥፋት ግን አትለፉት፤ እሱን ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት።

ቤታችን እንጅባራ አካባቢ፣ ጥርባ አጠገብ ነው። ልጄ በሰሊጥ ሥራ መተማ ነው የሚውል፤ ዓመት ጠብቆ ይመጣል። ሚስቱ የሻረግና ልጃቸው ትርንጎ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ቆይቻለሁ።

ትርንጎ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረችው ከአጥራችን ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ነበር። አምስተኛ ስትገባ መንገዱ ረዘመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስኬዳል፤ ዳገት አለው፣ ክረምት ከበጋ ጭቃ አለው። ሕመሙ የጀመረ ያኔ ነው። ወይም እኔ ያየሁት ያኔ ነው፤ ልጅቱ አስቀድሞ ስትታመም ከርማ እንደሆነ አላውቅም።

መጀመሪያ ከልጆቹ ኋላ መቅረት አመጣች። ከዚያ ማታ ስትመለስ ቁጭ ብላ ቅልጥሟን ታሻለች። ከኋላዋ ሆኜ ሳያት ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿ ወደ ውስጥ ተኝተዋል፤ ሊሳሳሙ የሚፈላለጉ ይመስላሉ። ስትረግጥ የውስጥ እግሯ መሐሉ ሳይነሣ አፈሩ ላይ ልጥፍ ይላል።

“አባባ፣ እግሬን አመመኝ” አለችኝ አንድ ቀን።

“የማን እግር የማያመው አለ? ይልቅ መንገድ ላይ አትገተሪ፣ ፈጠን ፈጠን በይ።”

የሻረግ ሰማችኝ። “ሐኪም ይያት እንጂ አባባ፤ ልጅ ዝም ብሎ እግሬን አይልም” አለች።

እኔም እንዲህ አልኳት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “በእኛ ዘር እንዲህ ያለ እግር የለም። እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ፤ አንድም ሸፋፋ አታገኚበትም። ይኼ ከጥሊሊ የመጣ ነው።” የሻረግ የጥሊሊ ልጅ ናት።

“ከጥሊሊ የመጣው ድንች ነው አባባ። እሱንም በልተው ጨርሰውታል” አለችኝ።

ሳምንት አኮረፍኳት። ያን ሁሉ ቀን ልጅቱ ያንኑ ዳገት ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ኩርፊያው ሲበርድ ሐኪም ማለቷን ላለመስማት ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። ወጌሻው የታወቀ ነው፤ የወለቀ ትከሻዬን መልሶልኛል፣ በሬዬንም አሽቶ አስነሥቷል። ግን ያልወለቀን አጥንት ወዴት ይመልሰው? እግሯን ዳሰሰ፣ በአዊኛ ከራሱ ጋር አጉተመተመ፣ “ወልቋል” አለ። በቅቤ አሽቶ ግራና ቀኝ በቀርከሃ ስንጥር አስሮ ሦስት ሳምንት አስቀመጣት። ሲፈታ እግሯ አብጦ ነበር፤ የቀርከሃው መስመር ቆዳዋ ላይ ቀርቷል። ብትቆም ያው ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ተመልሶ ተኛ።

“ሥር ሰዶ ነው” አለ ወጌሻው። እኔም ይህንኑ ይዤ ቤት ገባሁ፤ ሥር ሰዶ ነው እያልኩ።

ቀጥሎ እንጅባራ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ጠበቅን። ገባን። ሰውየው ጫማዋን እንኳ ሳያስወልቅ “ሪህ ነው” ብሎ የአምስት ቀን መርፌ ጻፈ። አሥራ አንድ ዓመት ላልሞላት ልጅ ሪህ! እኔ ግን ነጭ ካፖርት ለብሶ ያየሁትን ሰው ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? መጠየቅ ያለማወቅ ይመስለኝ ነበር። አምስት ቀን በባጃጅ እያመላለስኩ አስወጋኋት።

በአራተኛው ቀን ትርንጎ፣ “አባባ፣ የሚወጉኝ መቀመጫዬን ነው፤ የሚያመኝ ግን እግሬ ነው” አለችኝ።

“ሐኪሙ ያውቃል፤ ዝም በይ።”

አያውቅም ነበር። መርፌው አለቀ፤ ሕመሙ አላለቀም።

ከዚያ ዳንግላ ጎበዝ ሐኪም አለ ተባለ። ሚኒባስ ይዘን ሄድን። እዚያ ወረፋ ላይ ያገኘናቸውን አንዲት አሮጊት አመሰግናለሁ፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

“ልጅቱ ምን ሆና ነው?” አሉኝ።

“እግሯ ወደ ውስጥ ይዞራል።”

“የእኔ ደግሞ ወደ ውጭ ነው የሚዞር። በይ ልጄ፣ አንድ አንድ እንቀያየር፤ ሁለታችንም እንቀናለን።”

ትርንጎ ሳቀች። ከወጌሻው ወዲህ ስትስቅ የሰማሁ ያኔ ነው። ሴትዮዋ ከመቀነታቸው ከረሜላ ፈትተው ሰጧትና ተራቸው ደርሶ ገቡ።

የዳንግላው ባለሙያ ጫማዋን አስወልቆ አቆማት፤ እውነት ለመናገር መጀመሪያ እግሯን በወጉ ያየ እሱ ነው። “ጠፍጣፋ እግር ነው። መሐሉ ድጋፍ ይፈልጋል። መሐሉ ጉብ ያለ የውስጥ ሶል ገዝተው ጫማዋ ውስጥ ያድርጉላት” አለ። አለና ሌላ ሰው ጠራ። ምን ዓይነት፣ ስንት ቁጥር፣ እንዴት ተደርጎ፣ እሱም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁት።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል።

በጋሪ ገበያው ደረስን። ጫማ ነጋዴው የሚደግፈውን ሶል አውጥቶ ዘረጋልኝ። “የልጅ የለኝም፤ የአዋቂ ነው። ችግር የለም፣ ጫፉ በመቀስ ይቆረጣል” አለኝ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ስፖንጅ ልስልስ ያለ፣ ሲጫኑት ወለሉ ድረስ የሚሰምጥ። ሁለተኛው ደረቅ፤ ጉቡ እንደ ጉልቻ የቆመ። በአውራ ጣቴ ብጫነው ንቅንቅ አይልም።

“ጠማማ እንጨት በለስላሳ አይቀናም። ይኸኛውን ቁረጥልኝ” አልኩት።

“አባት፣ ዕቃ ያውቃሉ እኮ!” አለ ነጋዴው። ደስ አለኝ። ነጋዴ ሽማግሌ እንዴት እንደሚታለል ያውቃል፤ ያደንቀዋል።

ከዚያ ጫማ። ልኳ ሠላሳ ሁለት ነበር። ሠላሳ አራት ስጠኝ አልኩት። በእኛ አገር ለልጅ የዛሬ እግሩን ለክቶ ጫማ የሚገዛ ማን አለ? ለከርሞ እግሩ ነው የሚገዛለት። “ያድግባታል” ይባላል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ አለቀ። እኔም ጨርቅ ጠቀጠቅሁ። በፊት የነበረውን የጫማውን ሶል ሳላወጣ አዲሱን በላዩ ደረብኩ። ትርንጎ ስትራመድ ተረከዟ ከጫማው ብድግ ይላል።

“አባባ፣ ይወልቃል።”

“ክሩን አጥብቂው።”

“ጉቡ ደግሞ ቦታው አይደለም። ጠጠር የረገጥኩ ይመስለኛል።”

“ድጋፍ ነው፤ ሊሰማሽ ይገባል። እስኪለምድሽ ነው።”

ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ አታውልቂ ብዬ አዘዝኳት። የሻረግ አንድ ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ ሐኪም ያዘዘው ነው ብዬ አፏን አስያዝኳት። ሐኪም ይያት ስትዪኝ አልነበር? ይኸው ሐኪም፣ አልኳት። ትርንጎም ከጥቂት ቀን በኋላ ማማረሯን ተወች። እንዴት ነው እግርሽ ስላት “ደህና ነው” ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሶሉ ሠራ ብዬ ለጎረቤት አወራሁ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የክፍሏን አስተማሪ መንገድ ላይ አገኘሁት። “አባት፣ ትርንጎን ለምን አስቀሯት? ሦስት ሳምንት ሆናት እኮ፤ ፈተናውም አምልጧታል” አለኝ።

ሦስት ሳምንት! በየጠዋቱ ደብተሯን ይዛ ከቤት ትወጣለች። ለካ እመንገዱ አጋማሽ ስትደርስ ከወንዙ ዳር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። ልጆቹ ሲመለሱ ጫማዋን አድርጋ አብራቸው ትመጣለች።

ቤት ገብቼ በከዘራዬ እግሯን ነካ አደረግኋት። ነካ አደረግኋት ማለት ውሸት ነው፤ መታኋት። ሰነፍ አልኳት፣ ውሸታም አልኳት፣ የጥሊሊ ዘር አልኳት። እሷ አላለቀሰችም። የሻረግ መሐላችን ገብታ ካልሲዋን አወለቀች፤ ጨርቁ ቆዳዋ ላይ ተጣብቆ ነበርና በውኃ እያራሰች። ከውስጥ እግሯ ፊት ለፊት፣ ከጣቶቿ ሥር ካለው ሥጋ ላይ፣ የሽልንግ ስፋት ያለው ቁስል አለ። ተረከዟም ተልጧል። እኔ ይህን ያየሁት ከመታኋት በኋላ ነው።

የሻረግ ቀና ብላ አየችኝ። “ልጄን ባሕር ዳር እወስዳታለሁ። ትምህርቷን እግሯ አያስቆማትም፤ እርስዎም አያስቆሟትም። ከፈለጉ ይምጡ፤ ካልፈለጉ ይቅሩ።” ቤቴ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

ሄድኩ። ለልጅቱ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። የሄድኩት ግን ሐኪም ልክ ነህ እንዲለኝ ነው። ስለ ገንዘቡ አላወራም፤ የተከልኩትን የዲከረንስ ዛፍ አስቆርጬ ከሰል አድርጌ ሸጥኩ፣ በቃ።

ባሕር ዳር ከአንድ ሆስፒታል እግርና ወገብ የሚያሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ተላክን። ፊዚዮቴራፒ ይሉታል፤ በመድኃኒት ሳይሆን በእንቅስቃሴና በድጋፍ የሚያክሙ ናቸው። ሁለት ቀን ወረፋ ጠበቅን። ኮሪደሩ ላይ ክራንች የያዘ፣ ጀርባው የታሰረ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁሉም ከእኛ የባሰ ይመስላል። አንዷ እናት ትርንጎን አይታ፣ “ይኼ ብቻ ነው ያመጣችሁ?” አለችን፤ ልጇ ጨርሶ አይቆምም። አፈርኩ፤ ግን ወረፋውን አልለቀቅሁም።

ያየችን ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ጫማውን ነው። ገና ስትይዘው ጨርቁን ከጫፉ ጎትታ አወጣች። ከዚያ ደረቁን ሶል አወጣች። ከዚያ የሥሩን ሶል አወጣች። ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው።

“ይህን ማን መረጠ?”

“እኔ” አልኩ፤ ኮራ ብዬ።

ሶሉን ከትርንጎ እግር ሥር አድርጋ አሳየችኝ። “አባቴ፣ የአዋቂ ሶል ጫፉ ቢቆረጥ ጉቡ ቦታውን አይቀይርም። የእሷ እግር እዚህ ላይ ነው ድጋፍ የሚፈልግ፣ ከተረከዟ አለፍ ብሎ በውስጥ በኩል። ጉቡ ያለው ግን እዚህ ነው፣ ወደ ጣቷ። ሲጠቀጥቃት የከረመ ይኼ ነው። ጫማው ደግሞ ከልኳ በላይ ነው፤ ስትራመድ ይንሸራተታል።”

“ያድግባታል ብዬ ነው።”

“እግር የሚታመመው ዛሬ ነው፤ ለከርሞ እግሯ አይደለም የመጣችሁት።”

ትርንጎን በጣቶቿ ቆመሽ ተንጠራሪ አለቻት። ተንጠራራች። ጠፍጣፋው እግር መሐሉ ተነሥቶ ቀስት ሠራ። እኔ ዓይኔን ማመን አልቻልኩም። “አጥንቱ ጤነኛ ነው” አለች። “ጅማቷ ላላ ያለ ነው፤ ረጅም መንገድ ሲጨመርበት ይደክማል። የብዙ ልጆች እግር እንዲህ ነው፤ ካላመማቸው ምንም አይደረግላቸውም።” ከዚያ ወረቀት አነሣች። “ከቤተሰብ እንዲህ ያለ እግር ያለው አለ?”

“በእናቷ በኩል ነው” አልኩ፤ በከዘራዬ እያመለከትኩ።

ባለሙያዋ ሁለታችንንም አየችን። “ሁለታችሁም ጫማችሁን አውልቁ።” እግራችንን በውኃ አስነክራ በደረቁ ሲሚንቶ ላይ አስኬደችን። የየሻረግ ዱካ ተረከዝ አለው፣ በውጭ በኩል ቀጭን መስመር አለው፣ ጣት አለው፤ መሐሉ ባዶ ነው። የእኔ ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ ወጥ ነው። ድፍን። እንደ ጡብ።

በሩ ላይ ወረፋ የያዘ አንድ ጎረምሳ፣ “አባት ማኅተም መቱበት እኮ!” አለ። ሰው ሳቀ። የሻረግ አልሳቀችም። ዱካውን አየችው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“አባቴ፣ እርስዎንስ አያምዎትም?” አለች ባለሙያዋ።

“የማን እግር የማያመው አለ?”

“የብዙ ሰው እግር አያመውም።”

ቀልድ መሰለኝ። ወደ የሻረግ ዞርኩ። “አንቺን ማታ ማታ አያምሽም? ቅልጥምሽን?”

“ኧረ እኔስ አሞኝ አያውቅም አባባ።”

ሰባ ዓመት አልፎኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ማታ ሲሆን እግሬ ይጠዘጥዘኛል። ከእርሻ የገባ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ችሎ ዝም ያለ፣ የእኔ ልጅ ብቻ ችሎ ዝም ማለት ያቃታት መስሎኝ ነው የመታኋት።

አሁን ያቺ ባለሙያ ያስተማረችኝን ልጻፍ፤ ከእኔ ታሪክ ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል።

ልጅህ እግሩ ወደ ውስጥ ስለተኛ ብቻ ሶል ፍለጋ አትሩጥ። ካላመመው፣ ከሮጠ፣ ሲንጠራራ መሐሉ ከተነሣ ተወው። የሚያመው ከሆነ፣ ከእኩዮቹ ኋላ ከቀረ፣ አንዱ እግሩ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሲንጠራራም መሐሉ የማይነሣ ደረቅ ከሆነ ግን ወደሚያውቅ ሰው ውሰደው። ሶል በነጋዴ ምክር አይገዛም። ሶሉ በልጁ የዛሬ እግር የተለካ ይሁን፤ ባለሙያዋ የትርንጎን እግር ወረቀት ላይ አቁማ በእርሳስ ዙሪያውን ሥላ ነው የሰጠችን። የሶሉ ተረከዝ ጎድጎድ ያለ፣ ተረከዙን አቅፎ የሚይዝ ይሁን። ጉቡ ሲጫኑት ትንሽ እሺ ብሎ የሚመለስ ነው ጥሩው፤ እንደ ስፖንጅ የሚሰምጠው አይደግፍም፣ እኔ የገዛሁት ዓይነት ደግሞ ይወጋል።

ጫማውም ሶሉን ያህል ነው። ከኋላ ተረከዙ ጋ ጠንካራ፣ በክር ወይም በማሰሪያ የሚታሰር፣ ሲያጥፉት ከጣቱ ጋ ብቻ የሚታጠፍ። ከፊት አንድ አውራ ጣት ያህል ክፍት ይበቃዋል። የድሮው ሶል ከወጣለት አውጥተህ ነው አዲሱን የምታስገባ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ በነጋታው ጨመር፣ እንዲህ እያለ ይለምዳል። አውልቀህ እየው፤ የቀላ ነገር ቶሎ ካልጠፋ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ሶሉን መልሰህ ውሰደው እንጂ ልጁን አትቆጣ። ደግሞ ሶል አጥንት አያቀናም፤ ሕመም ነው የሚያስታግስ። እሷም ይህን ደጋግማ ነገረችኝ፤ ማቅናት ማቅናት ስላበዛሁባት መሰለኝ።

ሶሉን ባሕር ዳር በሥዕሉ ልክ አሠራን፤ ጫማውን ሠላሳ ሦስት ገዛን፣ እግሯ እስከዚያ አድጎ ነበርና። ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅን። በግድግዳ ተደግፎ ተረከዝ ማንሣት፣ ባትን መሳብ፣ ጨርቅ በእግር ጣት ማንሣት፣ ይህንንም ጠዋትና ማታ ትሠራለች። ስንመለስ ሚኒባሱ ዳንግላ ሲቆም የሻረግ ቆሎ ገዛች። ግማሹን ለልጇ ሰጠች፤ ግማሹን ለእኔ። ስለ ጥሊሊ የተናገርኩት ሁሉ ስሕተት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ “ጨው አንሶታል” ብቻ ነው።

ትርንጎ ዳነች። ወር ሳይሞላ ቅልጥሟን ማሸት ቀረ። በሁለተኛው ወር ዳገቱን ከልጆቹ እኩል ወጣች፤ አሁን ትቀድማቸዋለች ይላሉ። አምስተኛ ክፍልን ግን ደግማለች። አብረዋት የጀመሩት ስድስተኛ ገብተዋል፤ እሷ ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣለች። ይህን ዓመት የበላባት እግሯ አይደለም።

ለእኔም ሶል እናሠራልዎ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ለምን እምቢ እንዳልኩ እኔም አላውቀው።

እግርሽ እንዴት ነው ብዬ ዛሬም እጠይቃታለሁ። ጥያቄውን ሳልጨርስ “ደህና ነው አባባ” ትለኛለች፤ በአክብሮት፣ ፈገግ ብላ። ባለፈው ሰሞን ጫማው እንደገና ጠበባት፤ ማደግ ነውና። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናቷን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እማ፣ አውራ ጣቴን ይነካኛል” አለቻት።

እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ። በነጋታው ለየሻረግ “ለጫማ” ብዬ ብር ሰጠኋትና ሁለቱ ገበያ ሄዱ። እኔ አብሬ አልሄድኩም።